መጀመሪያ ዲስኩ፣ ፎቶው ቀጥሎ

እንደምን አመሻችሁ።

ፎቶ ያለበትን ፎልደር ስትከፍቱ ትንንሾቹ ምስሎች አንድ ሁለት እያሉ ይመጡና መሃል ላይ ይቆማሉ። ስክሪኑ ይደርቃል። ቆይቶ ሲመለስ አንዱ ፎቶ ከላይ ደህና ሆኖ ከአገጭ በታች ግራጫ ነው፤ ሌላው ወደ ጎን ተንሸራቶ ሐምራዊ ለብሷል፤ ሦስተኛው ጭራሽ አልከፈትም ይላል። እዚህ ላይ የሁላችንም እጅ አንድ ዓይነት ነው፤ ደግመን እንጫናለን። አልሆን ሲል ኮምፒውተሩን አጥፍተን እናበራለን። ያም አልሆን ሲል «የተበላሸ ፎቶ መጠገኛ» የሚል ሶፍትዌር ፈልገን እናወርዳለን፣ ያውም እዚያው ዲስክ ላይ።

ዛሬ ማታ የማነሳው ክርክር አንድ ነው። የታመመው ፎቶው ሳይሆን ዲስኩ ነው። እየደከመ ያለ ሃርድ ዲስክ ከዚህ በኋላ ምን ያህል እንደሚነበብ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የቀረችውን ንባብ ፎቶ ከፍቶ ለማየት ከማባከን ዲስኩን እንዳለ ለመቅዳት ማዋል ይሻላል። ፎቶ መጠገን የሚባለው ሥራ ሁሉ በኋላ፣ ከቅጂው ላይ፣ ተረጋግቶ የሚሠራ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ለማስረዳት ዲስኩ ውስጥ ትንሽ ልግባ። ውስጡ ያሉት ሳህኖች በደቂቃ 5400 ወይም 7200 ጊዜ ይዞራሉ። የሚያነበው ሄድ ሳህኑን አይነካም፤ በጥቂት ናኖሜትር ከፍታ፣ አብሮ በሚሽከረከረው አየር ላይ ተንሳፎ ያልፋል። አንድ ናኖሜትር የሚሊሜትር አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ሄዱ ሳህኑን አንዴ ከቧጠጠው የተላጠው ብናኝ እዚያው ውስጥ ይቀራል፣ ሄዱም ይጎዳል፣ የተጎዳው ሄድ ደግሞ ሄዶ ሌላ ቦታ ይቧጥጣል። እንዲህ ያለ ዲስክ በርቶ በቆየ ቁጥር የሚጠፋው እየበዛ ይሄዳል።

ዳታው የሚቀመጠው ሴክተር በሚባሉ ቁራጮች ነው። ድሮ አንዱ ሴክተር 512 ባይት ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ በተሠሩት ብዙዎቹ ዲስኮች ግን 4096 ባይት ሆኗል። ባለ 1 ቴራባይት ዲስክ በ512ቱ ሲቆጠር 1,953,525,168 ሴክተር አለው። እያንዳንዱ ሴክተር ከዳታው ጋር የስህተት ማረሚያ ኮድ ይዟል። ዲስኩ ያነበበውን በዚህ ኮድ ይፈትሻል፤ ጥቂት ስህተት ካገኘ ራሱ ያርማል። ማረም ካቃተው ደግሞ ያነባል፣ ደግሞ ያነባል፣ በመጨረሻ «አልቻልኩም» ብሎ ይመልሳል። ይህችን ያዙልኝ፣ በኋላ እፈልጋታለሁ፦ የታመመ ዲስክ አብዛኛውን ጊዜ አይዋሽም። ወይ ትክክለኛውን ይሰጣል፣ ወይ አልሰጥም ይላል።

ስክሪኑ የደረቀው እንግዲህ ዲስኩ እየደጋገመ ሲያነብ ነው። አንድ የተበላሸ ሴክተር ብቻውን ብዙ ሰከንድ ሊበላ ይችላል። ፎልደሩን መክፈት ብቻ፣ ለትንንሾቹ ምስሎች ሲባል፣ በመቶ የሚቆጠሩ ፋይሎችን ያስነካል፤ ቫይረስ የሚፈትሸው ፕሮግራም ይከተላል፤ ለፍለጋ ማውጫ የሚያዘጋጀው ደግሞ ይከተላል። እናንተ አንዴ ነክታችሁታል፤ ዲስኩ ግን ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ እሱ ያውቃል።

ከዚህ የባሰው «ልጠግንልህ» ባዩ ነው። ዊንዶውስ ዲስኩን ማንበብ ሲያቅተው ፎርማት ላድርገው ወይ ይላል። ወይም ቼክዲስክ ላስኬድበት ይላል። ቼክዲስክ ጤነኛ ዲስክ ላይ ጥሩ መሣሪያ ነው። ሥራው ግን የትኛው ፋይል የት እንዳለ የሚይዘውን የፋይል ሲስተሙን መዝገብ እርስ በርሱ ማስማማት ነው፤ ስለ ፎቶዎቻችሁ ግድ የለውም። ያልገጠመለትን ይቆርጣል፣ የተረፈውን ስብርባሪ ስም አልባ ፋይል ያደርገዋል፣ ይህን ሁሉ ደግሞ እየሞተ ባለው ዲስክ ላይ ይጽፋል። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይኼ ነው።

ዲስኩ በእርግጥ ታሟል ወይ? ለዚህ ስማርት የሚባል፣ ዲስኩ ስለ ራሱ የሚይዘው መዝገብ አለ፤ ክሪስታልዲስክኢንፎ ወይም ስማርትሞንቱልስ የሚባል ፕሮግራም ያሳያችኋል። ከረጅሙ ዝርዝር አራት ተራ ቁጥር ይበቃኛል። 5ኛው በመጠባበቂያ የተተኩ ሴክተሮችን ይቆጥራል፤ 197ኛው ማንበብ አቅቶት ውሳኔ የሚጠብቁትን፤ 198ኛው ሊታረሙ ያልቻሉትን። እነዚህ ከዜሮ ተነስተው እየጨመሩ ከሆነ ዲስኩ እየሄደ ነው። 199ኛው ግን ሲያዩት ደስ የሚል ነው፤ እሱ ብቻ ከጨመረ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የኬብሉ ነው። ስለዚህ ሌላ ነገር ከመሞከራችሁ በፊት ኬብሉን ቀይሩ።

ስማርት «ደህና ነው» አለ ብላችሁ ግን አትተኙ። የጉግል ባለሙያዎች ከ100,000 በላይ ዲስኮች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጡት ጽሑፍ፣ ከሞቱት ዲስኮች ውስጥ ከ56 በመቶ በላይ የሚሆኑት ዋና በተባሉት አራት የስማርት ምልክቶች ላይ ምንም ሳያሳዩ ነው የሞቱት። በሌላ በኩል የመጀመሪያውን የቅኝት ስህተት (ዲስኩ ገጹን በራሱ ሲፈትሽ የሚያገኘውን ስህተት) ያሳየ ዲስክ በቀጣዮቹ 60 ቀናት የመሞት ዕድሉ ስህተት ካላሳየው 39 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል። እኔ ከዚህ የምወስደው፣ 197 ላይ አንዲት ቁጥር ብቅ ስትል ነገ ዛሬ ሳይሉ መቅዳት ነው።

ጆሯችሁንም ተጠቀሙበት። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከተደጋገመ ወይም ሲፍቅ ከተሰማ፣ ከዚህ በኋላ የምናገረው ለእናንተ አይሆንም። አጥፉት። ያ ዲስክ አቧራ በሌለበት ክፍል ሄዱ የሚቀየርለት ነው። ፍሪዘር ውስጥ አስገቡት የሚል ምክር እስካሁን ይዞራል፤ ከቅዝቃዜ የወጣ ዲስክ ውስጥ እርጥበት ይቋጠራል፣ በናኖሜትር ከፍታ ለሚያልፍ ሄድ ደግሞ አንዲት ጠብታ ትበቃዋለች። የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳውን ከሌላ ተመሳሳይ ዲስክ ነቅሎ መግጠምም በዛሬዎቹ ዲስኮች ብቻውን አይሠራም፤ የዚያ ዲስክ ብቻ የሆነው ማስተካከያ ሰሌዳው ላይ ባለች ቺፕ ውስጥ ስለሚቀመጥ ቺፗም አብራ መዛወር አለባት።

ወደ ቅጂው ልለፍ። ዲስኩ ድምፁ ደህና ነው፣ ይነበባል፣ ግን ይንተባተባል እንበል። ለዚህ የምመርጠው ጂኤንዩ ዲዲሬስኪው የሚባለውን፣ አንቶኒዮ ዲያዝ ዲያዝ የጻፈውን ነጻ ፕሮግራም ነው። አዝራርም መስኮትም የለውም፤ ትእዛዝ ተጽፎለት ነው የሚሠራ። ይህ ብዙ ሰው ያስፈራል። እኔ ግን አምረው ከተሠሩት ብዙዎቹ ይልቅ እሱን አምናለሁ፣ እያንዳንዷን ሴክተር ምን እንዳደረጋት ጽፎ ያስቀምጣልና። ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ ላይ አስኪዱት፤ የታመመውን ዲስክ ፎልደር ሳይከፍት፣ ማውንት ሳያደርግ (ማለትም ፎልደሮቹ እንዲታዩ ከሲስተሙ ጋር ሳያገናኝ)፣ ከመጀመሪያው ሴክተር እስከ መጨረሻው ጥሬውን ያነበዋል። አንዳንድ ሊኑክስ የተሰካለትን ሁሉ በራሱ ማውንት ስለሚያደርግ ያንን አስቀድማችሁ አጥፉት። መድረሻው ከታመመው ዲስክ የሚበልጥ ባዶ ቦታ ያለው ይሁን። ቅጂው አንድ ግዙፍ ፋይል ሆኖ ይቀመጣል፤ ኢሜጅ ይባላል።

ብልሃቱ ያለው በቅደም ተከተሉ ነው። ተራ ኮፒ የተበላሸ ቦታ ሲደርስ ወይ ይቆማል ወይ እዚያው ሲታገል ይውላል። ዲዲሬስኪው ቀላሉን አስቀድሞ ይሰበስባል፤ የሚያስቸግር ቦታ ሲገጥመው ዘሎት ያልፋል። ከዚያ ይመለስና የዘለላቸውን ቦታዎች ከዳርና ከዳር ይከረክማል፤ የቀረውን ሴክተር በሴክተር ይፍቃል። ፍቆውን አሁን አታድርግ የሚባልበት አማራጭ አለው፤ ሁልጊዜ በእሱ ጀምሩ። በኋላ እንደገና ሞክር ቢሉት ይሞክራል፣ ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው አንብብ ቢሉትም ያነባል፤ በፊት በኩል እምቢ ያለው አንዳንዴ በኋላ በኩል እሺ ይላል። ጤነኛ ዲስክ በሰከንድ 100 ሜጋባይት ቢነበብ 1 ቴራባይት ለመቅዳት 3 ሰዓት አይሞላም። የታመመው የመጨረሻዎቹን ጥቂት ሜጋባይቶች ለማውጣት ብቻ ቀናት ሊፈጅ ይችላል፣ በዚያም መሃል ሊሞት ይችላል። ሲሞት ግን ቀሪው ሁሉ በእጃችሁ ነው።

የሠራውን የሚመዘግብበት ማፕ የሚባል ፋይል አለ። ክፈቱትና እዩት፣ ተራ ጽሑፍ ነው። በየመስመሩ ቦታው የት እንደሚጀምርና ስንት ባይት እንደሆነ፣ ከዚያ አንዲት ምልክት፦ የመደመር ምልክት ከሆነ ተነቧል፣ የመቀነስ ከሆነ አልተነበበም፣ የጥያቄ ምልክት ከሆነ ገና አልተነካም። ሥራው ቢቋረጥ በዚህ ፋይል ካቆመበት ይቀጥላል፤ ማፑን ካልሰጣችሁት ግን ከሀ ይጀምራል። ደግሞ የዲስኩን ሁኔታ ያሳያል። መጥፎዎቹ አንድ ሰፈር ከተከማቹ ጉዳቱ እዚያ ሰፈር ነው። ከጫፍ እስከ ጫፍ በየተወሰነ ርቀት እየተመላለሱ ከታዩ ግን ከሄዶቹ አንዱ እየደከመ ነው፤ ያኔ መታገሉን ትቶ ባለሙያ መፈለግ ይሻላል።

ብዙ ሰው የሚዘላትን አንዲት ነገር እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ቅጂው ሲያልቅ ያልተነበቡት ሴክተሮች ኢሜጁ ውስጥ ዜሮ ሆነው ይቀራሉ። የትኞቹ ፎቶዎች ላይ እንደወደቁ በዓይን እንፈልግ ቢባል፣ 20,000 ፎቶ ላለው ሰው የማይታሰብ ነው። ዲዲሬስኪው ግን ማፑን ይዞ እነዚያን ቦታዎች ብቻ እናንተ በሰጣችሁት ቃል ይሞላቸዋል። በየትኛውም ፋይል ውስጥ ሊኖር የማይችል ቃል ስጡትና፣ ከዚያ ያ ቃል ያለባቸውን ፋይሎች ፈልጉ። የሚወጣው ዝርዝር የተጎዱት ፎቶዎች ስም ነው። ከዝርዝሩ ውጭ ያሉትን ደህና ናቸው ብሎ ማመን የሚቻለው፣ ቅድም ያዙልኝ እንዳልኳችሁ፣ ዲስኩ አብዛኛውን ጊዜ ስለማይዋሽ ነው። ቃሉን የምትሞሉት በኢሜጁ ሁለተኛ ኮፒ ላይ ይሁን።

ኢሜጁ ተከፍቶ ፎልደሮቹ በየስማቸው ከመጡ ትልቁ ሥራ አልቋል። ሁልጊዜ ግን እንዲህ አይቀናም። በዊንዶውስ ዲስኮች ላይ የእያንዳንዱ ፋይል ስምና አድራሻ ብዙውን ጊዜ 1024 ባይት በሆነች መዝገብ ውስጥ ነው ያለው፤ መዝገቧ ከጠፋች ፎቶው በቦታው ተቀምጦ ስሙ የለም። ላም አለኝ በሰማይ። ክሪስቶፍ ግርኒዬ የሠራቸው ሁለት ነጻ ፕሮግራሞች እዚህ ጋ ይገባሉ። ቴስትዲስክ የጠፋውን ክፍልፍል (ዲስኩ የተከፈለበትን ክፍል፣ ፓርቲሽን) መልሶ ለማግኘት ይሞክራል። ፎቶሬክ ደግሞ ስምና ፎልደር የሚባለውን ትቶ ባይቶቹን ከጫፍ እስከ ጫፍ ያስሳል፤ 255፣ 216፣ 255 የሚሉ ሦስት ተከታታይ ባይቶች ሲያገኝ እዚህ ጄፔግ፣ ማለትም የተለመደው ዓይነት የፎቶ ፋይል፣ ተጀምሯል ይላል። ስሞቹ ቁጥር ይሆናሉ፣ ፎልደሮቹ ይጠፋሉ፣ ፎቶው የተነሳበት ቀን ግን ፎቶው ውስጥ ስለተጻፈ በእሱ መደርደር ይቻላል። ተቆራርጦ በየቦታው የተቀመጠ ፋይል ሲገጥመው ላዩን ከአንዱ ፎቶ፣ ታቹን ከሌላው ሊገጥም ይችላል። ብዙ ሰው በፎቶሬክ ይጀምርና ስም በሌለው የፎቶ ክምር ውስጥ ይሰጥማል። መጀመሪያ ስም ያለውን አውጡ፤ ፎቶሬክ ለቀሪው ነው።

አሁን ፎቶው ራሱ። ጄፔግ እ.ኤ.አ. በ1992 የጸደቀ ደረጃ ነው፣ የተበላሸ ፎቶ ለምን ያን እንደሚመስልም ያኔ የተደረጉት ምርጫዎች ይናገራሉ። ምስሉ 8 በ8 ፒክሰል ወደሆኑ ካሬዎች ይከፈላል። ካሬዎቹ በሃፍማን ኮድ ይጻፋሉ፤ የሚዘወተረው ቁጥር አጭር ኮድ ያገኛል፣ የማይዘወተረው ረጅም። በኮዶቹ መካከል መለያ የለም። ሁለት ነጥብም ክፍተትም ሳይኖረው ተያይዞ የተጻፈ ጽሑፍ አስቡ፤ አንዱ ቃል የት እንዳለቀ የሚያውቀው ከመጀመሪያው ጀምሮ ያነበበ ብቻ ነው። መሃል ላይ አንዲት ቢት ከጎደለች ከዚያ በኋላ ያለውን፣ መቁረጫው እንደገና እስኪገጥምለት ድረስ፣ ያለቦታው እየቆረጠ ያነባል። በዚያ ላይ የአንድ ካሬ አማካይ ብርሃንና ቀለም ራሱን ችሎ አይጻፍም፤ ካለፈው ካሬ በስንት እንደሚለይ ብቻ ነው የሚጻፈው። አንድ ካሬ ላይ የገባ ስህተት እንግዲህ እስከ ፎቶው መጨረሻ ይወረሳል። ሐምራዊውም አረንጓዴውም የሚመጣው ከዚህ ነው።

4 ሜጋባይት የሆነ ፎቶ በ4096ቱ ሲቆጠር 1024 ሴክተር ነው። አንዷ ብትጠፋ የጎደለው ከሺህ አንድ አይሞላም፤ ዓይን የሚያየው ግን ግማሽ ፎቶ ሲበላሽ ነው። ሰው ይህን አይቶ አልቋል ብሎ ይሰርዘዋል።

ስለዚህ ከመሰረዝ በፊት ጉዳቱን ማንበብ ነው። ከአንድ መስመር በታች ወጥ ግራጫ ከሆነ ዳታው እዚያ ላይ ተቋርጧል፤ የታችኛው ክፍል ፋይሉ ውስጥ ከሌለ የሚፈጥረው የለም። ከመስመሩ በታች ምስሉ ይታያል፣ ግን ተንሸራቷል፣ ቀለሙም ተቀይሯል ከሆነ ደስ ይበላችሁ፤ ዳታው አለ፣ የተዛባው ቆጠራው ነው። የጎደሉትን ያህል ባዶ ካሬ አስገብቶ የተከተለውን ወደ ቦታው መግፋት፣ ከዚያ ነጥብ ጀምሮ ቀለሙን መልሶ ማስተካከል ይቻላል። የሚቀረው አንዲት ቀጭን ጠባሳ ናት። ጄፔግስኑፕ የሚባለው ፕሮግራም ስህተቱ የት እንደጀመረ ለማግኘት ይረዳል። አንዳንድ ካሜራዎች ደግሞ በየመሃሉ መለያ ያስገባሉ፤ 255 ካለ በኋላ ከ208 እስከ 215 ካሉት አንዱ ይከተላል። አንባቢው እዚያ ሲደርስ ቆጠራውን እንደ አዲስ ስለሚጀምር ጉዳቱ ያቺን ቁራጭ አልፎ አይሄድም። ሁሉም ካሜራ ይህን ቢያደርግ ኖሮ እኔ ዛሬ የማወራው በግማሽ ይቀንስ ነበር።

ጭራሽ የማይከፈተው ብዙ ጊዜ የጠፋበት ራስጌው፣ ማለትም የፋይሉ መጀመሪያ፣ ነው። የምስሉ ስፋትና ቁመት፣ የሃፍማን ሠንጠረዦቹ፣ የጥራት ሠንጠረዦቹ እዚያ ውስጥ ናቸው። በዚያው ካሜራ፣ በዚያው መጠን፣ በዚያው የጥራት ደረጃ ከተነሳ ጤነኛ ፎቶ ራስጌውን ቆርጦ መትከል ይቻላል። ስፋቱ ካልገጠመ ምስሉ በሰያፍ ይፈርሳል፤ ሠንጠረዡ ካልገጠመ ብርሃኑ ይዛባል ወይም ጭራሽ አይነበብም።

ፋይሉን ባይቶቹን በሚያሳይ ፕሮግራም (ሄክስ ኤዲተር) ከፍታችሁ ከላይ እስከ ታች ዜሮ ብቻ ካያችሁ ግን እዚያ ውስጥ ፎቶ የለም። በገንዘብ የሚሸጥ መጠገኛም ዜሮን ፎቶ አያደርግም። ከፊት ጥቂት ኪሎባይት ከተረፈ ግን ኤግዚፉ (ካሜራው ስለ ፎቶው የሚጽፈው መረጃ) ውስጥ ብዙ ጊዜ 160 በ120 ፒክሰል የሆነች ትንሽ ምስል አለች። ሮው በሚባለው፣ ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ፋይል ውስጥ ከዚህ የሚተልቅ፣ አንዳንዴ ሙሉ መጠን ያለው ጄፔግ ተቀብሮ ይገኛል። ዊንዶውስ ደግሞ ፎልደር ስትከፍቱ ያሳያችሁን ትንንሽ ምስሎች በተጠቃሚው ፎልደር ውስጥ ስለሚያስቀምጥ፣ የሞተው ውጫዊ ዲስክ ከሆነ ምስሎቹ ኮምፒውተሩ ላይ ቀርተው ሊገኙ ይችላሉ። አንዳንዶቹ ከትንሽነታቸው ከሚጠበቀው በላይ ያሳያሉ።

የጎደለውን በሰው ሠራሽ አስተውሎት እንሞላለን ስለሚሉት ያለኝ አስተያየት አጭር ነው። የሚሞሉት ነገር ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ግን የዚያ ሰው አገጭ አይደለም። ከፈለጋችሁ ሥሩት፣ ያልተነካውን ፋይል ግን አትተኩበት።

ከንግግሩ በኋላ ከተነሱት ጥያቄዎች ሁለቱን እዚህ አክያለሁ።

አንዲት እህት ኤስኤስዲም (የሚሽከረከር ሳህን የሌለው ዲስክ) እንደዚሁ ነው ወይ ብለው ጠየቁ። መቅዳቱ ይቅደም የሚለው ያው ነው። ልዩነቱ የተሰረዘ ፎቶ ላይ ነው። ሃርድ ዲስክ ላይ የተሰረዘ ፋይል ሌላ እስኪጻፍበት ብዙ ጊዜ በቦታው ይቆያል። ኤስኤስዲ ላይ ግን ትሪም የሚባለው ትእዛዝ ቦታው መለቀቁን ለዲስኩ ይነግረዋል፤ ከዚያ በኋላ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ ዜሮ ነው። ኤስኤስዲ ላይ ፎቶ በስህተት ከሰረዛችሁ ወዲያውኑ ኮምፒውተሩን አጥፉት።

አንድ ወጣት ደግሞ ቅጂው ከተሠራ በኋላ አሮጌው ዲስክ ምን ይሁን፣ ወደ ባለሙያ ቢሄድስ ምን ይዘን እንሂድ አለ። ፎቶዎቹ ወጥተው፣ ተከፍተው፣ ሁለት ቦታ እስኪቀመጡ አሮጌውን አትጣሉ፣ ፎርማትም አታድርጉ፣ ለሌላ ሥራም አትሰኩት። ውጫዊ ዲስክ ከሆነ ከነሣጥኑ ይሂድ፤ አንዳንዶቹ ዳታውን የሚመሰጥሩት ሣጥኑ ውስጥ ባለው ሰሌዳ ስለሆነ ዲስኩ ለብቻው ሲነበብ ትርጉም የለሽ ይሆናል። እስካሁን የሞከራችሁትን ሁሉ ሳትደብቁ ንገሩት። ማፕ ፋይሉንም ስጡት፤ የትኛው ቦታ እንዳልተነበበ ካየ ሄዱ ተቀይሮ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሄደው ወደዚያ ነው።